መስከረም ለምን ያብጣል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል የጤና ኢንፎርማቲክስና የጤና መረጃ ትንተናን በኦንላይን ለምትማሩ ነው፤ በተለይ የምትሠሩበት መረጃ የአገራችን ከሆነ።

ትምህርቱን ማግኘት አይቸግርም። ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለውን የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያና መተንተኛ ሶፍትዌር የሚያበለጽገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል መሠረታዊ ኮርሶችን በነጻ ይሰጣል። በሴራሊዮን ካርታ ላይ የተሠራ የመለማመጃ ዴሞም አለው። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርም በነጻ ይወርዳል። ጣጣው የሚመጣው ሰርተፍኬቱ ከተያዘ በኋላ ነው። የኮርሱ መረጃ ከጃንዩወሪ እስከ ዲሴምበር ነዋ! የእኛ ሌላ ነው።

የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት ካለፈው ወር 21 ጀምሮ እስከ ያዝነው ወር 20 ያለውን ይይዛል። እስቲ የመስከረምን ቁጠሩት፦ ከነሐሴ 21 እስከ 30 አሥር ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም ሃያ። 35 ቀን! ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ደግሞ 36። እንግዲህ አንድም ታማሚ በቀን ሳይጨምር የመስከረም ቁጥር ከሌላው ወር በ17 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ክረምቱ ሲወጣ ወባ በእውነትም ስለሚነሳ፣ ግራፉን ያየ ሰው ጭማሪውን በሙሉ ለወባ ይሰጠዋል። መላው ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ወር ድምር በቀኖቹ ብዛት አካፍሉና የቀን አማካዩን አወዳድሩ። እኔ ብሆን ይህን ሳያደርግ ወረርሽኝ አለ የሚለኝን ተንታኝ አላምንም።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ፣ ኢዲኤችኤስ፣ ላይም ቀኑ የእኛው ነው። ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ወር፣ በመረጃው ውስጥ ቪ008 የተባለው ዓምድ፣ ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ ስንተኛው ወር እንደሆነ ተቆጥሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቧል። 1301 ካያችሁ ጥር 2008 ነው። 92 ስትደምሩበት 1393 ይሆናል፤ ይህም ጃንዩወሪ 2016 ነው። የሕፃን ዕድሜ ለማስላት መደመሩ አያስፈልግም፤ የትውልድ ወሩም በዚያው አቆጣጠር ስለሆነ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ከዝናብ መረጃ ወይም ከሌላ አገር ጥናት ጋር ስታጣምሩ ግን 92ቱን ከዘለላችሁ ውጤቱ ከሰባት ዓመት በላይ ይንሸራተታል፤ ኮምፒውተሩም ምንም ስህተት አይላችሁም። የናሙና ክብደቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ መላሽ በስሌቱ ውስጥ የሚኖረውን ድርሻ የሚያሳየውን ቪ005ን፣ ለ1,000,000 ማካፈልም አትርሱ።

አሁን ወደ ክትባት። የአንድ ወረዳ ሽፋን 118 በመቶ ሲሆን ጤና ባለሙያውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አካፋዩ፣ ማለትም ይወለዳሉ ተብሎ የሚገመተው የሕፃናት ቁጥር፣ ከ1999ኙ ቆጠራ እየተተነበየ የመጣ ነው። ሰው ፈልሷል፣ ወረዳ ተከፍሏል። የ2016ቱ ኢዲኤችኤስ የፔንታ ሦስትን፣ ማለትም የአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ሦስተኛ ዶዝን፣ ሽፋን 53 በመቶ ማለቱን ለማነጻጸሪያ ያዙት፤ እንደ አውሮፓውያኑ ነው።

አካፋዩ ካላስተማመናችሁ የማቋረጥ መጠንን፣ ማለትም ክትባቱን ጀምረው ያልጨረሱትን ድርሻ፣ ሥሩ፦ ፔንታ አንድ ሲቀነስ ፔንታ ሦስት፣ ለፔንታ አንድ ተካፍሎ፣ በ100 ተባዝቶ። 120 ጀምረው 132 ጨርሰዋል ከተባለ ነጌቲቭ 10 ይወጣል። በአንድ ወር ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፤ ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስለሚሰጥ ያሁኖቹ ሦስተኛ ከተቡት ከሁለት ወር በፊት የጀመሩት ናቸው። የዓመቱን ደምራችሁም ነጌቲቭ ከሆነ የተከተቡት ሕፃናት የሚመዘገቡበትን ሬጅስተር አስወጥታችሁ ከታሊው፣ ክትባቶቹ በጭረት ከሚቆጠሩበት ቅጽ፣ ጋር አስተያዩ። በመስክ የተሰጠው ፔንታ አንድ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።