ጋራዡ በእርግጥ ሰርቪስ አድርጎልኛል? ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖችን የሚመለከቱ የአድማጮች ጥያቄዎችና የባለሙያ መልስ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለንን መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህም አድማጮች ለጋራዥ ከፍለው ሥራው መሠራቱን የሚያረጋግጡበትን መንገድ ደጋግመው ይጠይቁናል። ሰሞኑን የደረሱንን ጥያቄዎች ለናፍጣ ሞተር መካኒኩ እንግዳችን አቅርበን የሰጡት መልስ እነሆ።

ከአዳማ፦ ሃይሉክሴን ሰርቪስ አስደርጌ ሦስት ቀን ሳይሞላ የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አልቀየሩልኝም ማለት ነው?

ወንድሜ፣ በዘይቱ ቀለም አይፍረዱ። ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸት ያወጣል፤ አዲስ ዘይት ውስጥ ያለው የማጽጃ ቅመም ደግሞ ያንን ጥላሸት ከብረቱ ላይ እያነሣ በራሱ ውስጥ ይይዘዋል። በዚያ ላይ አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ስለማያልቅ፣ የቀረው ጥቂት እንኳ አዲሱን ወዲያው ያጠቁረዋል። የቤንዚን መኪና የለመደ ሰው በዚህ ይደናገጣል፤ የናፍጣ ዘይት ግን በአንድ ቀን ጉዞ ቢጠቁር የጤና ነው።

ማየት ያለብዎት ፊልትሮውን ነው። መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት በማይለቅ እስክሪብቶ የዘይት ፊልትሮው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሲረከቡ ምልክቱ ካለ አልተቀየረም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳያዩ ደግሞ ገንዘብ አይክፈሉ። አንድ ደንበኛዬ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰርቪስ አስደርጌበታለሁ ያለውን መኪና አምጥቶልኝ ነበር። ፊልትሮው ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ስፈታው ግን የጎማ ቀለበቱ ተጨፍልቆ እንደ እንጨት ደርቋል፤ በጥፍሬ ስፍቀው አዲሱ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ዝገት ወጣ። አጥበው ቀለም ረጭተውበት ኖሯል። አዲስ ፊልትሮ ጎማው ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይመለሳል።

ከባሕር ዳር፦ ስንት ሊትር ዘይት ልግዛ?

ልኩ በመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ባለ 4 ሲሊንደር የፒክአፕ ናፍጣ ሞተር ከ5 ሊትር በላይ ስለሚይዝ፣ በአንድ ባለ 4 ሊትር ዕቃ «ጨርሰናል» ካሉዎት ይጠይቁ።

ከሐዋሳ፦ ከሰርቪስ በኋላ የዘይቱ ልክ ከላይኛው ምልክት አልፎ ይታያል። ቢበዛ ምን ይጎዳል?

እህቴ፣ በጣም ይጎዳል፤ «ከሚጎድል ይትረፍ» የሚለው ሐሳብ ለሞተር አይሠራም። የተረፈው ዘይት በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር መሳቢያው ሊሄድና የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ ቁልፉ ቢጠፋም ሳይቆም ፍጥነቱን እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ እንደገና ይለኩ። አሁንም ከበዛ ትርፉ ይውጣ። ልኩ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ከሄደና ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ግን ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ አይንዱት፣ የኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ባለሙያ ይየው።

ከደሴ፦ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን በደንብ ማጥበቃቸውን ለማየት መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ከሥሩ ገብቼ ነበር። ሌላ ምን ልመልከት?

ወንድሜ፣ ሌላ ከማየትዎ በፊት ይህን ይስሙኝ፤ ሌሎቻችሁም ስሙኝ፤ ይህን የምታደርጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ጭንቅላታችሁንም ሆነ እጃችሁን አታስገቡ። ክሪክ ጎማ ለመቀየር የተሠራ ማንሻ ነው እንጂ ሰው ከሥሩ ተኝቶ ሊሠራበት የተሠራ መደገፊያ አይደለም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ክሪክ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ሲበላ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ በጥርስ የሚሠራው ደግሞ መሬቱ ትንሽ ከተዳፋ ወይም አፈሩ ከለሰለሰ ይንሸራተታል። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ወደ 2 ሺህ ኪሎ ይጠጋል። ያ ክብደት ደረት ላይ ሲያርፍ መጮኽ እንኳ አይቻልም።

ወጣት ሳለሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ «አንድ ቡሎን ብቻ ነው» ብሎ ገባ። ክሪኩ ሲንሸራተት የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመኪናው ጎን ተጋድሞ የነበረው ትርፍ ጎማ ቻሲውን ስለያዘው በሕይወት ወጣ፤ ትከሻው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። «ለአንድ ደቂቃ ነው» አትበሉኝ፤ እርሱም ለአንድ ደቂቃ ነበር የገባው። ድንጋይና ብሎኬት ደርድሮ መግባትም ያው ነው፤ ብሎኬት ሲሰበር አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። የግድ መግባት ያለበት ሰው መሬቱ ጠፍጣፋና ደረቅ መሆኑን አይቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ታኮ አድርጎ፣ መኪናውን ለዚሁ በተሠራ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ በሁለት በኩል ያሳርፍ።

እርስዎ ለፈለጉት ነገር ግን መግባትም አያስፈልግዎትም። ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት የዘይት ጠብታ ካለ ወደ ጋራዡ ይመልሱት፣ በማንሻው ወይም በመፈተሻ ጉድጓዳቸው ላይ ሆነው አብረው ይዩት።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ ዳሽቦርዱ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቭና የፒስተንን እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው ቀበቶ) መብራት በርቶ ነበር፤ ከጋራዥ ስወጣ ጠፍቷል። ተቀይሯል ብዬ ልመን?

አይመኑ። መብራቱ ቺንጋውን አያይም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቺንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። በቶዮታ 1ኬዲ እና 2ኬዲ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ 1ኤችዜድ ሞተር ባለው ላንድክሩዘር በየ100,000። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ መቀየር ይሻላል፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይወርዳል። እዚህም የምለው ያንኑ ነው፤ አሮጌውን ቺንጋ በእጅዎ ይዘው ሳያዩ አይክፈሉ።

ከጎንደር፦ የአየር ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ነፍተው መለሱልኝ። በቂ ነው?

ለአንድ ጊዜ ማቆያ ይሆናል እንጂ ሰርቪስ አይባልም። ኃይለኛ ንፋስ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ በቀዳዳው የሚገባው የኮረኮንች አቧራ ተርቦውንና ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርተው ፊልትሮው ውስጥ ያስገቡ፤ ብርሃኑ እንደ ነጥብ አጥርቶ የሚወጣበት ቦታ ካለ ይጣል።

ከጅማ፦ የናፍጣ ፊልትሮው ከተቀየረ ወዲህ ጠዋት ቶሎ አይነሣም።

አየር ሳይወጣለት ቀርቶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ አየር እየሳበ ይሆናል፤ የቀየሩት ሰዎች በነጻ ሊያስተካክሉት ይገባል። አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ ውኃ ተገኝቶ እንደነበርም ይጠይቋቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መኪናዎ ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄድበት) ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ እየፈታ መፈተሽ የሚፈልግ መካኒክ ካጋጠመዎት ያስቁሙት። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የተለመደ ነበር፤ በነዚህ ግን ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዲህ የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። መኪናውን በኮምፒውተር ወደሚመረምር የናፍጣ ባለሙያ ይውሰዱት።