አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰማይ፦ በሰሜን ሸዋ ሙቀትና ነጎድጓዳማ ዝናብ እንዴት ይተነበያል?

[ምስል፦ ጣርማ በር። መኪኖች መብራት አብርተው ጉም ከሸፈነው ዋሻ ሲወጡ።]

ተራኪ፦ በሐምሌ ወር ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ መኪና ላይ ይወጣል፤ ጣርማ በር ሲደርስ ጉሙ አስፋልቱን ስለሚውጠው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ዋሻውን ያልፋል፤ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ወርዶ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው ቀወት ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ያው ጋቢ ተጣጥፎ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ መስኮቶቹም ሁሉ ይከፈታሉ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት በሬዲዮ የተነገረው ትንበያ ግን «በሰሜን ሸዋ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለመንዝ እረኛ፣ ለደብረ ሲና ሾፌርና ለሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አምራች የሚነግራቸው ነገር የተለያየ ነው። ዛሬ የምናየው ትንበያ ሠሪው ይህን ገደላማ አገር እንዴት እንደሚያነብና እኛም የተነገረንን ትንበያ በቆምንበት ከፍታ ልክ እንዴት እንደምንመነዝረው ነው።

[ምስል፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተቆረጠ የመሬት ገጽታ ሥዕል፤ የጀማ ሸለቆ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት፣ የአዋሽ ሜዳ።]

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። የመንዟ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ አቡዬ ሜዳ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት በአንጻሩ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ይጨመቅና ይሞቃል። በአማካይ ሲታሰብ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት አለ፤ ፀሐይ በመታው ደረቅ አየር ውስጥ ግን ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ያለው ከፍታ 1,500 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ የሁለቱ ከተሞች የቀን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሊራራቅ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ ትንበያዎች ሙቀቱ ቀላሉ ነው፤ ከፍታውን ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ችግር የሚፈጠረው ስልካችን ላይ የምናየው ቁጥር የየትኛው ከፍታ እንደሆነ ሳናጣራ ስንቀር ነው። ዓለም አቀፍ የትንበያ ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት፤ ከምርጦቹ መካከል የሚቆጠረው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል እንኳ የቁርጥራጮቹ ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣርማ በር አፋፍ ተነሥታችሁ 9 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ብትለኩ ከውርጭ አገር ተነሥታችሁ ወይና ደጋ ትገባላችሁ፤ ሞዴሉ ግን አፋፉንና ሥሩን አንድ ላይ አማክሎ እንደ ወጥ ተዳፋት ያየዋል። እኔ ለደብረ ሲና የሚወጣውን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ የማደርገው መተግበሪያው ለቦታው የያዘውን ከፍታ ፈልጎ ከትክክለኛው ከፍታ ጋር ማነጻጸር ነው፤ የ300 ሜትር ስሕተት ካለ ወደ 2 ዲግሪ ያህል እጨምራለሁ ወይም እቀንሳለሁ።

[ምስል፦ የሸዋ ሮቢት ገበያ፣ ግንቦት፣ ቀትር ላይ።]

የቆላው ሙቀት የሚበረታው በግንቦትና በሰኔ፣ ክረምቱ ከመጠንከሩ በፊት ነው። በዚህ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዱ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት መጀመሪያ፣ ሌላው በነሐሴ 20ዎቹ ላይ ነው። የነሐሴዋን ፀሐይ ደመናና እርጥብ መሬት ያበርዷታል፤ የሚያዝያዋ ግን የደረቀ መሬት ስለምታገኝ ሙቀቱ ቀን በቀን እየተጠራቀመ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ክረምት ከገባም በኋላ ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ከተቋረጠ የቆላው ሙቀት ቶሎ ይመለሳል። እንዲያውም ከደጋው ተነሥቶ ገደሉን ተከትሎ የሚወርድ የምዕራብ ነፋስ እየተጨመቀ ስለሚሞቅና ስለሚደርቅ፣ ደብረ ብርሃን በካፊያ ስትርስ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾው ጠውልጎ የሚታይባቸው ቀናት አሉ።

ወደ ዝናቡ እንሂድ። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርገዋል፤ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን ወራት ክረምት ይላሉ። በዚህ ወቅት የሐሩር ክልል ነፋሳት መገናኛ መስመር ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን በኩል እርጥበት አዘል አየር ከደቡብ ምዕራብ ወደ ደጋችን ይገባል። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ከቲቤት አምባ ከፍተኛ ግፊት ጋር የተያያዘው ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ ከሕንድ በላይ አልፎ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል፤ የእኛ ክረምትና የሕንድ የዝናብ ወቅት (ሞንሱን) ዘመዳሞች የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። በልግ ሲሆን ግን እርጥበቱ በአመዛኙ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣና ገደሉን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። አንድ ገደል በሁለት ወቅት ሁለት ፊት አለው፤ ትንበያ ሠሪ ማለዳ ካርታ ሲከፍት የመጀመሪያ ጥያቄው ነፋሱ ዛሬ ገደሉን እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚል መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

[ምስል፦ የመገዘዝ ተራራ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፍጥነት የተቀረጸ ሰማይ።]

ነጎድጓዳማ ዝናብ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከታች እርጥበት፣ ከታች ሙቅ ከላይ ቀዝቃዛ የሆነ ያልተረጋጋ አየር፣ እንዲሁም አየሩን የሚያነሣ ኃይል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ አለ። የሚያነሣውን ኃይል ተራራው ራሱ ይሰጣል። ጠዋት ፀሐይ የመገዘዝን ጎን ስትመታ ተዳፋቱን የነካው አየር በዚያው ከፍታ ሜዳው ላይ ከተንሳፈፈው አየር ቀድሞ ይሞቅና ጎኑን ተከትሎ ይወጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፉ ላይ ጥጥ የመሰለች ደመና ትቀመጣለች። እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ስለሚለቅ ደመናው ከዙሪያው ሞቅ እንዳለ ይቆያል፣ ወደ ላይም መግፋቱን ይቀጥላል። ቀትር ላይ አናቱ እንደ አበባ ጎመን ጥርት ብሎ እየፈላ የሚያድግ ከሆነ ጉልበት አለው፤ 7 ሰዓት ላይ ጠፍጥፎ ወደ ጎን ከተዘረጋ ግን ከላይ የከደነው ሞቃት የአየር ንጣፍ አለና ምናልባት ካፊያ ብቻ ሰጥቶ ይበተናል። ይህን ለማየት ዐይን ይበቃል፤ ተራራ ያለው ሰው ከሜዳ ሰው ይልቅ ታድሏል።

ደመናው የበረዶ ነጥብን፣ ማለትም የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበትን ከፍታ፣ አልፎ ሲያድግ ውስጡ ያሉት ለስላሳ የበረዶ እንክብሎችና ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ የኤሌክትሪክ ሙላት ይለዋወጣሉ፤ መብረቅ የሚወለደው ከዚህ ነው። በሐሩር ክልል የበረዶ ነጥብ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ይገኛል። ቆላ ላይ የሚወድቅ በረዶ ከ3,000 ሜትር በላይ በሞቃት አየር ውስጥ ሲወርድ አብዛኛው ይቀልጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን የሚቀረው 2,000 ሜትር ያህል ነው፣ መንዝ ላይ ከዚያም ያነሰ። ደጋው በረዶ የሚበዛበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ነሐሴ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለችው ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ከአንድ የባቄላ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር። ባቄላው አብቦ ሽታው ያውዳል። መጀመሪያ የመጣው ዝናቡ አልነበረም፤ ከደመናው የተጣለ ብርድ ያዘለ ነፋስ ቅጠሉን ገልብጦ ነጭ ጀርባውን አሳየን፣ የእርጥብ አፈር ሽታም ተከተለ። ከዚያ ሽምብራ የሚያህል በረዶ ለሩብ ሰዓት ያህል ወረደ። ሲያባራ አበባው ሁሉ መሬት ላይ ነበር፣ ግንዱም ተልጧል። ከወንዟ ማዶ ያለው ማሳ ላይ ግን አንድ ቅጠል አልተነካም። ሁለቱም ማሳዎች ለአንድ ቀበሌ በተሰጠ አንድ ትንበያ ሥር ነበሩ፤ የማሳው ባለቤት «ትንበያው ስለኔ ነው ወይስ ስለጎረቤቴ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው በዕድል መቶኛው ውስጥ ነው። ትንበያው «60 በመቶ» ሲል በቀኑ 60 በመቶ ሰዓት ይዘንባል ወይም ከአካባቢው 60 በመቶው ይረጥባል ማለት አይደለም፤ ሰማዩ እንዲህ በሆነባቸው 10 ቀናት ውስጥ በ6ቱ እናንተ ባላችሁበት ቦታ ይዘንባል ማለት ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የጣለው ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ ሌላ ቦታ ያለውን ሙቅ አየር እንደ ማረሻ ቆፍሮ ሲያነሣ አዲስ ደመና ይወልዳል። ይህን ሁለተኛ ትውልድ ከዋዜማው ማንም በቦታና በሰዓት ለይቶ ሊናገረው አይችልም፤ እንችላለን የሚለውንም ባታምኑት ይሻላል።

[ምስል፦ ከሳተላይት የታየ የደጋው ጠርዝ፤ ደመናዎች ሲያብቡ።]

ባለሙያው ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር መሣሪያ ይለውጣል። ከዋዜማው ሞዴሉንና ከአዲስ አበባ የሚለቀቀው ፊኛ የለካውን የላይኛውን አየር ሙቀትና እርጥበት ይመለከታል፤ ከቀትር በኋላ ግን በየ15 ደቂቃው የሚመጣውን የሜትዎሳት ሳተላይት ምስል ይከታተላል። የደመናው አናት ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሲደርስ ደመናው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያውቃል። በክረምት የላይኛው ነፋስ ከምሥራቅ ስለሚነዳው ገደሉ አፋፍ ላይ የተወለደ ደመና ብዙ ጊዜ ወደ ጀማ በኩል ይሄዳል፤ ስለዚህ በምዕራብ በኩል ሆኖ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ወደ ምሥራቅ ማየት አለበት።

የወቅት ትንበያው ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለክረምት ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብሎ ሦስት ዕድል ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ትንበያ በእጅጉ የሚመረኮዘው በሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ብርቱ ኤልኒኖ፣ ማለትም የዚህ ውቅያኖስ ውኃ ከመደበኛው በላይ መሞቅ፣ ዝናቡን አዳክሞ ከባድ ድርቅ አስከትሏል። ይህ ትንበያ ምን ዘር እንደምትገዙ ለመወሰን ይረዳል፤ ነገ ከሰዓት ገብሱን ለማጨድ ወይም ለማቆየት ግን አይረዳም።

መብረቁ ሲጀምር ቁጠሩ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ሰኮንድ ለ3 ብታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ከ30 ሰኮንድ ካነሰ እረኛው ከጋራው ጫፍ ይውረድ፤ ከብቸኛ ዛፍና ከዋሻ አፍ ይራቅ፤ የሚቻለው ከሆነ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ይግባ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ለ30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ።

[ምስል፦ የሮቢ ወንዝ አሸዋማ ሸለቆ፤ ፀሐይ፤ ልጆች ከብት ሲያጠጡ።]

ቆላው ላይ ግን ከመብረቁ የሚብሰው ውኃው ነው። ሮቢና ጀውሃን የመሳሰሉት ወንዞች ውኃቸውን የሚያገኙት ከገደሉ አናት ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ደብረ ሲና በላይ ዶፍ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ቀን የሸዋ ሮቢት ትንበያ «ደረቅ» ቢል ስለ ሰማዩ ትክክል ነው፣ ስለ ወንዙ ግን ምንም አልተናገረም። ስለዚህ ከብቱን ወደ ወንዝ የሚነዳ፣ ፓምፑን ዳር ላይ የተከለ ወይም በእግሩ ሊሻገር የቆመ ሰው አስቀድሞ ቀና ብሎ ገደሉን ይመልከት፣ ደብረ ሲና ዘመድ ካለውም ይደውልና ሰማዩ እንዴት እንደዋለ ይጠይቅ። ጥርት ያለው ውኃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይ በኩልም ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ዳገቱ መውጣት ነው።