ኮምፓይለሩን ቀየርኩት፣ ኮዱ እምቢ አለ
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው መስመራችን ሲጨናነቅ ነው የዋለው። አዲስ የኮምፓይለር (የምንጽፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቅርጽ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ቨርዥን ጭነው ሥራቸው የቆመባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው ማለት ነው። አየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የጻፍኩት የሲ ፕሮግራም በደንብ ይሠራ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጂሲሲ 14 የሚባለውን የሲ ኮምፓይለር ስጭን ግን ያው ኮድ በኤረር ተሞላ። አንድ ፊደል እንኳ አልነካሁም። ምን አጥፍቼ ነው?»

አይዞሽ፣ ዛሬ ያጠፋሽው ነገር የለም። ጥፋቱ ድሮም ነበረ፤ የተነገረሽ አሁን ነው። ያነበብሽልኝ መልእክት «ይህ ፈንክሽን ሳይታወጅ ተጠርቷል» የሚል ነው። ፈንክሽን በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የሲ ስታንዳርድ፣ ኮምፓይለሩ የማያውቀውን ፈንክሽን ስትጠሪ «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚመልስ ይሆናል» ብሎ ገምቶ ያልፍ ነበር። የ1999ኙ ስታንዳርድ ይህን ግምት አስቀረው። ጂሲሲ ግን የድሮ ኮድ እንዳይቆም ሲል ለዓመታት በማስጠንቀቂያ እያለፈው ቆየ። በ2024 የወጣው 14ኛው ቨርዥን ነው ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ያሳደገው።

ለምን እንደጨከኑ ቀረብ ብለሽ እዪው። በሌላ ፋይል ውስጥ ፖይንተር (የማስታወሻ ቦታ አድራሻ) የሚመልስ ፈንክሽን አለሽ እንበል። ሄደሩን (ፈንክሽኑ የታወጀበትን ፋይል) ሳታስገቢ ጠራሽው። ዛሬ በምንሠራባቸው 64 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ ፖይንተር 8 ባይት ነው፤ ኢንት 4 ባይት። ኮምፓይለሩ የሚመለሰው ኢንት ነው ብሎ ስላመነ የአድራሻውን ግማሽ ቆርጦ ይጥለዋል። አድራሻው ትንሽ ቁጥር ከሆነ የተቆረጠው ክፍል ባዶ ነውና ፕሮግራሙ ይሠራል። ትልቅ ቁጥር የሆነ ቀን ይወድቃል። ያኔ ደግሞ ምክንያቱን ማን ያገኘዋል? ባለፈው ዓመት ሠርቶልሽ ከሆነ በዕድል ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጎደለውን ሄደር አስገቢ። የራስሽ ፈንክሽን ከሆነ ደግሞ ከመጥራትሽ በፊት አውጂው። ስህተቶቹን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚመልስ አማራጭ ጂሲሲ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ እሱን ይጠቁምሻል። የሌላ ሰው አሮጌ ኮድ ለአንድ ቀን ማስነሳት ካስፈለገሽ ይጠቅማል። የራስሽ ኮድ ላይ ግን እባክሽ አትጠቀሚበት።

«ጎ በሚባለው ቋንቋ የምጽፍ ፕሮግራመር ነኝ። ከ1.22 ጀምሮ የፎር ሉፕ (ኮድ የሚደጋግመው ትእዛዝ) ባህሪ ተቀይሯል ሲሉ ሰማሁ። አዲሱን ከጫንኩ ኮዴ በድንገት ሌላ ነገር ሊሠራ ነው?»

አይሠራም። ለውጡ የሚጀምረው አዲሱን ስለጫኑ አይደለም፤ የፕሮጀክትዎ መግለጫ በሆነው ሞጁል ፋይል ላይ የተጻፈው የጎ ቨርዥን 1.22 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። 1.21 የሚል ከሆነ አዲሱ ኮምፓይለርም በድሮው ሕግ ነው የሚተረጉምልዎ።

ለውጡ ራሱ ጥሩ ነው። ድሮ በሉፕ ውስጥ ጎሩቲን (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ሲያስነሱ ሁሉም አንዱን ተለዋዋጭ ይጋሩ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሁሉም የመጨረሻውን ዋጋ ያዩ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ተለዋዋጭ ይፈጠራል። በሞጁል ፋይሉ ላይ ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉ ለብቻው አድርገው ቴስትዎን ያስሩጡ። ከሌላ ሥራ ጋር አይቀላቅሉት።

«እኛ ጋ ሰርቨሩ ላይ ያለው ጃቫ 8 ነው። እኔ ማሽን ላይ ጃቫ 17 ጭኜ፣ ሶርሱንም (የቋንቋውን ቨርዥን) ታርጌቱንም 8 ብዬ ኮምፓይል አደረግኩት። ያለ ምንም ችግር አለፈ። ሰርቨሩ ላይ ሲነሳ ግን ባይትበፈር (ባይቶችን የሚይዘው ክላስ) ፍሊፕ የሚባል ሜተድ (የክላስ ፈንክሽን) የለውም ይለኛል። ፍሊፕ እኮ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነገር ነው!»

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሌሊት ያሳደረ ችግር ስለሆነ። እርስዎም ልክ ነዎት፣ ሰርቨሩም ልክ ነው። ፍሊፕ ጃቫ 8 ውስጥ አለ። ነገር ግን የተጻፈው በወላጁ ክላስ፣ በበፈር ላይ ነው፤ የሚመልሰውም በፈር ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ባይትበፈር የራሱ ፍሊፕ ተሠራለት፤ ይኼኛው የሚመልሰው ባይትበፈር ነው። የጃቫ ኮምፓይለር ደግሞ ሜተድ ሲጠራ ክላስ ፋይሉ (ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው ፋይል) ላይ ስሙን ብቻ አይጽፍም፤ የሚመልሰውን ዓይነት ጭምር ይጽፋል። ስለዚህ የእርስዎ ክላስ ፋይል «ባይትበፈር የሚመልሰውን ፍሊፕ አምጡልኝ» ይላል። ሰርቨሩ እንዲህ ያለ አያውቅም።

ታርጌት 8 ማለት ክላስ ፋይሉ ላይ የሚታተመው ቁጥር የጃቫ 8 ይሁን ማለት ነው። ኮምፓይለሩ የሚያየውን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የኮድ ስብስብ) አይቀይርም። እሱ አሁንም የ17ን ላይብረሪ ነው የሚያየው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ሪሊዝ የሚባል አማራጭ አለ። ሪሊዝ 8 ሲሉት ቋንቋውንም፣ የክላስ ፋይሉን ቁጥርም፣ የላይብረሪውን ዝርዝርም ወደ 8 ይመልስልዎታል። ሶርስና ታርጌትን ትተው እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ኮዱን ሳይነኩ እንደገና ኮምፓይል ያድርጉት፤ ይነሳል።

መንገዴን ሳልስት አንድ ነገር ልጨምር። ክላስ ፋይሉ ከጃቫው ይበልጣል የሚል ኤረር ሲመጣ 52፣ 55፣ 61 የሚሉ ቁጥሮች ያያሉ። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሱ፤ የጃቫው ቨርዥን ያ ነው። 52 ጃቫ 8 ነው፣ 61 ጃቫ 17፣ 65 ጃቫ 21።

«በሲ የምንጽፈው ትልቅ ፕሮግራም አለን። አዲሱን ኮምፓይለር ስንጭን አንድም ኤረር አልመጣም። ሲሠራ ግን የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን የሚሠራው ማሻሻያ) ስናጠፋ ይስተካከላል። ኮምፓይለሩ ባግ አለበት ብለን ወደ ድሮው ተመለስን። ትክክል አደረግን?»

ሥራው እንዳይቆም ለጊዜው መመለሳችሁ ትክክል ነው። ጥፋቱን ኮምፓይለሩ ላይ ጥሎ መዝጋቱ ግን አይሆንም። ኮምፓይለር ባግ የለውም አልልም፤ አለው። ግን እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ይህን የተለመደ አጻጻፍ እንየው። አንድ ሰው ቁጥሩ ሞልቶ እንዳይፈስ ለማረጋገጥ «ርዝመት ሲደመር 100 ከርዝመት ካነሰ ተመለስ» ብሎ ይጽፋል። ሐሳቡ ቁጥሩ ከ2147483647 ሲያልፍ ዞሮ አሉታዊ ይሆናል የሚል ነው። በሲ ሕግ ግን ምልክት ያለው ኢንቲጀር ሞልቶ መፍሰሱ ያልተበየነ ባህሪ ነው። ይህ ማለት ኮምፓይለሩ «ይህ ፈጽሞ አይደርስም» ብሎ መነሳት ይችላል። ካልደረሰ ደግሞ 100 የተጨመረበት ቁጥር ከራሱ ሊያንስ አይችልም። ስለዚህ ማረጋገጫውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የድሮው ኮምፓይለር ይህን ሳያስተውል ያልፈው ነበር፤ አዲሱ አስተዋለው። መጠበቂያው መስመር ሶርስ ኮዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ የተሠራው ፕሮግራም ውስጥ ግን የለም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ የደህንነት ቀዳዳ የሚከፈተው እንዲህ ነውና።

በትላልቅ ፕሮጀክቶችም ደርሷል። በ2016 የወጣው ጂሲሲ 6 በሲ ፕላስ ፕላስ ሜተድ ውስጥ «ዚስ» (ሜተዱ የተጠራበት ዕቃ አድራሻ) ናል፣ ማለትም ባዶ፣ ሊሆን አይችልም ብሎ ኦፕቲማይዝ ማድረግ ሲጀምር፣ የመስኮት ፕሮግራም መሥሪያው ላይብረሪ ኪውቲ 5ም፣ ብራውዘሩ ክሮሚየምም ውስጥ የነበሩ ኮዶች ተሰብረዋል። ሕጉ ግን ድሮውንም እንደዚያ ነበር።

እኔም ከዓመታት በፊት እንደ እናንተው ኮምፓይለሩን ከስሼ ሦስት ቀን አሳልፌያለሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት መጀመሪያ ዋጋ ያልተሰጠው አንድ ተለዋዋጭ ነበር። በድሮው ኮምፓይለር ያ ቦታ ላይ ዜሮ ይገኝ ነበር፤ በአዲሱ ሌላ ቁጥር ተገኘ። ያን ጊዜ ያወጣኝን መንገድ ልንገራችሁ።

የሲ ፋይሎቻችሁን ግማሹን በድሮው ኮምፓይለር፣ ግማሹን በአዲሱ ኮምፓይል አድርጋችሁ አንድ ላይ ሊንክ አድርጉ (ወደ አንድ ፕሮግራም አጣምሩ)። ችግሩ ከታየ ጥፋተኛው ያለው በአዲሱ በተሠራው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልታየ በሌላኛው። ያንን እንደገና ለሁለት ክፈሉት። 64 ፋይል ቢኖራችሁ በ6 ዙር አንድ ፋይል ላይ ትደርሳላችሁ። ፋይሎቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ስትራክት (የዳታ አወቃቀር) በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ከዚያ ያንን ፋይል ደጋግማችሁ ከመቃኘታችሁ በፊት መላውን ፕሮግራም በሁለቱ ሳኒታይዘሮች (ፕሮግራሙ ሲሄድ ስህተት የሚይዙ መሣሪያዎች)፣ የማስታወሻ ስህተትን በሚይዘው አድረስ ሳኒታይዘርና ያልተበየነ ባህሪን በሚይዘው ዩቢሳን፣ ሠርታችሁ ቴስቱን አስሩጡ። ፕሮግራሙ ይዘገያል፣ ታገሱት። ብዙ ጊዜ መስመር ቁጥሩን ሳይቀር ይነግራችኋል።

«የገዛነው ላይብረሪ አለ። ሶርስ ኮዱ የለንም። አዲሱ ጂሲሲ ላይ ሊንከሩ ስሙ አልተገኘም ይላል። መልእክቱ ውስጥ ሲኤክስኤክስ11 የሚል ቃል አለ።»

ያ ቃል መልሱን ይዞላችሁ መጥቷል። የሲ ፕላስ ፕላስ 11 ስታንዳርድ ስትሪንግ (ጽሑፍ የሚይዘው ዓይነት) እንዴት መሠራት እንዳለበት ሕጉን ስላጠበቀ፣ በ2015 የወጣው ጂሲሲ 5 አዲስ ዓይነት ስትሪንግ አመጣ። የድሮውንም አልጣለም። ሁለቱ እንዳይምታቱ አዲሱ ስሙ ላይ ይህ ምልክት ተጨመረበት። የገዛችሁት ላይብረሪ የድሮውን ስትሪንግ ይዞ የተሠራ ነው፤ የእናንተ ኮድ አዲሱን ይፈልጋል። የድሮውን ስትሪንግ የሚያስመርጥ ማክሮ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ቅንብር) አለ፤ ዜሮ አድርጉትና ሁሉንም ፋይላችሁን እንደገና ሥሩ። ግማሹን ብቻ አታድርጉ። ከቻላችሁ ግን ሻጩን አዲስ ቢልድ ጠይቁት።

«የአንድ ቡድን ኃላፊ ነኝ። ኮምፓይለራችን 5 ዓመት አልፎታል። በመጪው ቅዳሜና እሁድ አዲሱን ኮምፓይለር፣ አዲሱን የቋንቋ ስታንዳርድና አዳዲስ ላይብረሪዎችን በአንድ ጊዜ ልናስገባ አስበናል። ምን ይመክሩናል?»

በአንድ ጊዜ አታድርጉት ብዬ እለምናችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ነገር ቢበላሽ ከሦስቱ የትኛው እንዳበላሸው በምን ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ምንም ሳትጭኑ አሁን ባላችሁ ኮምፓይለር ላይ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ አብሩና አጽዱ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን የዛሬ ማስጠንቀቂያ የነገ ኤረር ሊሆን እንደሚችል ከተማሪዋ ጥያቄ አይታችኋል። ቀጥሎ አዲሱን ኮምፓይለር ከድሮው ጎን ጫኑት፤ የድሮውን አታጥፉት። የቋንቋውን ስታንዳርድ ግን ድሮ በነበረበት ቁጥር በግልጽ ጻፉት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ካልጻፋችሁ ኮምፓይለሩ ራሱ ይመርጥላችኋል፤ ምርጫው ደግሞ ከቨርዥን ቨርዥን ይለያያል። ጂሲሲ 11 ለሲ ፕላስ ፕላስ ነባሪውን 17 አደረገ። በ2025 የወጣው ጂሲሲ 15 ለሲ ነባሪውን ሲ23 አድርጎታል። እዚያ ውስጥ ቡል (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘው ዓይነት)፣ ትሩና ፎልስ የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ሆነዋል። የራሳችሁን ቡል የሠራችሁበት አሮጌ ሄደር ካለ ወዲያው ይጋጫል።

ቴስቱ በሁለቱም ኮምፓይለሮች ለጥቂት ሳምንታት ይሩጥ። ፍጥነቱንም ለኩ፤ አንዳንድ ቦታ ሊፈጥን፣ አንዳንድ ቦታ ሊዘገይ ይችላል። ሥራ ላይ አውላችሁት ከረጋ በኋላ ስታንዳርዱን ቀይሩ። ላይብረሪዎቹ በተራቸው ይመጣሉ። ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ኤረር የምትቆጥሩ ከሆነ በሽግግሩ ወቅት አጥፉት፤ አዲስ ኮምፓይለር አዲስ ማስጠንቀቂያ ማምጣቱ አይቀርም። የጂሲሲ ዋና ልቀት በ.1 ነው የሚጀምረው፤ 14.1ን ለሙከራ ወስዳችሁ ለደንበኛ የሚሄደውን ስህተቶች በታረሙበት 14.2 ላይ ብትሠሩ አልቃወምም።

«የሁለት ዓመት የረስት ቋንቋ ፕሮጀክት ነበረኝ። ሳልነካው ቆይቼ ዛሬ በአዲሱ ረስት ብሠራው ታይም የሚባለው ክሬት (የረስት ላይብረሪ) ውስጥ ዓይነቱን ግለጽ ይለኛል። ረስት የድሮ ኮድ አይሰብርም አልነበር እንዴ?»

በአብዛኛው አይሰብርም። በየ6 ሳምንቱ እየወጣ ከ2015 ጀምሮ ይህን ያህል መጠንቀቁ የሚያስደንቅ ነው። እርስዎን ያገኘዎት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው 1.80 መደበኛ ላይብረሪው ላይ አዲስ የትሬይት (አንድ ዓይነት ምን መሥራት እንደሚችል የሚገልጽ ውል) ትግበራ ጨመረ። ታይም ውስጥ አንድ መስመር ላይ ኮምፓይለሩ አንድ ምርጫ ብቻ ስለነበረው ዓይነቱን ራሱ ይገምት ነበር። ምርጫው ከአንድ ሲበልጥ መገመት አልቻለም።

ክሬቱ ወዲያው ታርሟል። የእርስዎ ሎክ ፋይል (የክሬቶቹን ቨርዥን የሚመዘግበው) ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። ሁሉንም ክሬት አያድሱ፤ የረስት ክሬቶችን የሚያመጣውን ካርጎን፣ ታይምን ብቻ አድስልኝ ይበሉት። ሌላው ባለበት ይቆይና እንደገና ይሥሩት።