በአውራ ጣቱ የሚራመድ ደንበኛ አላየሁም

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ የምትመረቁት ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የጫማ ሶል ንድፍ ዛሬና ነገ» ይላል። ስለ ነገ የማውቀው ነገር ስለሌለ እሱን ትቼዋለሁ። ስለ ዛሬም ቢሆን ሆዴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የምታውቁኝ ገምታችኋል። እዚያ ኋላ የምትስቁት፣ አዎ፣ እሱኑ ነው የማወራው። ስለ እጅ አውራ ጣት።

ሰው ጫማ ሊገዛ ይመጣል። ጫማውን ያነሳል። እጁን ወደ ውስጥ ይሰድና ንጣፉን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። ስምጥ ካለለት «ምቹ ነው» ይላል። ሻጩም «ደመና ላይ መቆም በለው» ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ቅር አይለኝም። ገዢው የሚያውቀውን ነው ያደረገው። እኔን የሚያንገበግበኝ እኛ ነን። የእግርን አጥንት ቆጥረን የተማርነው እኛ፣ አዲስ ናሙና ሲመጣልን መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? በአውራ ጣት ጫን! ነዳፊው ጫን፣ አለቃው ጫን፣ አስመጪው ጫን። ከዚያ «ይለፍ» ተብሎ ወደ ምርት ይገባል።

በዚህ ሥራ 26 ዓመት ቆይቻለሁ። በአንድ እግር ውስጥ ባሉት አጥንቶች ቁጥር ልክ ማለት ነው። በአውራ ጣቱ የሚራመድ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጭብጨባውን አቆዩልኝ። ገና አልተናደድኩም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ታገሱኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጅ ሆኜ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሴት መንገድ ላይ አገኙኝ። «ጫማ ሠሪ ሆንክ አሉ» አሉኝ። «ቲቸር፣ ሶል ነው የምነድፈው» ብዬ ለማስተካከል ሞከርኩ። «ያው ነው» አሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚያስተምሩት። ማታ ማታ የጣቶቻቸው ሥር ይለበልባቸዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ደግሞ ተረከዛቸውን ይወጋቸዋል። «በል እንግዲህ፣ ያስተማርኩህን ክፈለኝ» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ እኔ ሁሉን አዋቂ ነበርኩ። እግራቸውን አየሁ። ውስጥ እግራቸው ከፍ ብሎ የተቀሰተ ነው። «ቅስቱ ድጋፍ ይፈልጋል» አልኩ። ከጠንካራ ፕላስቲክ ጉብ ያለ ድጋፍ ቀረጽኩ። ከፍ አደረግኩት፣ አሳመርኩት፣ ከላዩ ቆዳ አለበስኩት። ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። የእግሩ ባለቤት ዘንድ የደረሰው በመጨረሻ ነው።

በሦስተኛው ቀን በፌስታል ይዘውት መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ኳ አድርገው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ሲገባ አውልቄ አራግፈዋለሁ። አንተ ግን ጠጠሩን በማስቲሽ አጣበቅክልኝ» አሉኝ። የውስጥ እግራቸው መሀል ውሃ ቋጥሯል።

አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ነው የሚሮጠው። ጠንካራው ካልሆነ ለስላሳው ይሁን አልኩና ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍኩ። አውራ ጣቴ እስከ ጥፍሩ ሰመጠ። ተጫሙት፤ ፊታቸው በራ። «አሁን ገና ገባህ» አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መረቁኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ፈገግታ የለም። ስፖንጁን ከጫማው አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ተረከዙና የጣቶቹ ሥር ያረፉበት ቦታ እንደ ወረቀት ሳስቷል። መሀሉ ግን እንደ አዲስ ነው፤ እግር ነክቶት አያውቅም። «እይ» አሉኝ። «የደከመው የቱ ጋ ነው? ሥራ ፈቶ የተቀመጠውስ?»

መልስ አልነበረኝም። ውሃ በሳህን አስመጡ። ከቦርሳቸው ባለ ካሬ ወረቀት አወጡ። ትከሻዬን ተደግፈው እርጥብ እግራቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ውሃው ሳይደርቅ አሻራውን በእርሳስ ከበብኩ። ሁለት ደሴት ነው የወጣው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በውጭው ዳር እንደ ክር የቀጠነ ነገር ያገናኛቸዋል። ካሬዎቹን እንድቆጥር አዘዙኝ፤ እንደ ልጅነቴ ጮክ ብዬ። 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ።

«እኔ 60 ኪሎ ነኝ» አሉ። «በአንድ እግሬ ስቆም አንዱ ካሬ ስንት ይሸከማል?»

«አንድ ኪሎ።»

«ሥራ ከፈታው መሀል 30 ካሬ ብትጨምርልኝስ?»

አሰላሁ። 60 ለ90። 670 ግራም እንኳን አይሞላም። ሸክሙ በሲሶ ወደቀ። ሳላለሰልስ፣ ሳላጠነክር። «ክብደቴን አልቀነስክም» አሉ። «ያከፋፈልከው ብቻ ነው።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ይህን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ጫማ ውስጥ ስንገባ ግን ይጠፋብናል። ሃምሳውንም ሎሚ ለተረከዝና ለጣቶች ሥር እናሸክምና መሀሉን በነፃ እናሳፍረዋለን። ከዚያ ተረከዙ ሲጮህ ስፖንጅ እንጨምርለታለን!

ሦስተኛው ንጣፍ እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። እግራቸውን በፎም ሳጥን ውስጥ አስረግጬ ቅርጹን ወሰድኩ። ከቡሽና መካከለኛ ጥንካሬ ካለው ፎም ቀረጽኩት። ቅስቱ ጋ ሲደርስ ከእግራቸው ቅርጽ በላይ ከፍ አላደረግኩትም። ልዩነቱ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ንጣፌ ቅስቱን ሽቅብ ይገፋው ነበር። ሦስተኛው ሄዶ ይነካዋል፤ በቃ። ቲቸር ከ10 ሰባት ሰጡኝ። ሦስቱን የቀነሱት ታኮው ይንጋደዳል ብለው ነው። ትክክል ነበሩ።

እርግጥ የቲቸር ሒሳብ አማካይ ነው። እግር ሸክሙን እኩል አያካፍልም። አጥንት ጎላ ያለበት ቦታ፣ በተለይ ተረከዝና የእግር አውራ ጣት ሥር፣ ከአማካዩ በላይ ይሸከማል። ስንራመድ መሬት የሚመልስልን ኃይል ከክብደታችን ይበልጣል፤ ስንሮጥ ደግሞ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ካሬ መቁጠር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ግን እንጀምር እንጂ! ስንቶቻችን ነን ካሬ ቆጥረን የምናውቀው?

አሁን ደግሞ ስለ ጉብታው። «አርች ሰፖርት» ብለን ስለምንሸጠው።

ብዙ ሰው ቅስት ሲባል የድንጋይ ድልድይ ይመስለዋል። ከሥሩ ምሰሶ ካላቆሙለት የሚናድ። የእግር ቅስት ግን ሕያው ነው፤ እንደ ሞላ ነው። ስንረግጥ ዝቅ ይላል፤ ስንነሳ ከፍ ይላል። ከተረከዝ እስከ ጣቶቹ ሥር ከታች የተወጠረ ጠንካራ ጅማታዊ ሽፋን አለ። ጣቶቻችን ወደ ላይ ሲታጠፉ ይህ ሽፋን ይሳብና ቅስቱን ያነሳዋል። ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 በደንብ አስረድቶታል። ማመን ካቃታችሁ ቁሙና እግራችሁን እያያችሁ አውራ ጣቱን በእጃችሁ ወደ ላይ ቀና አድርጉት። ቅስቱ ሲነሳ ታዩታላችሁ። አሁን አይደለም፣ ቤት ስትገቡ። የተከበሩት እንግዳችን ጫማቸውን መፍታት ጀምረዋል።

እንግዲህ ይህን ካወቅን ጉብታውን የት እናስቀምጣለን? ከተረከዙ አጥንት ፊት ለፊት፣ በውስጠኛው ጎን፣ የቅስቱ ጣሪያ ከፍ ያለበት ቦታ። እኛ ግን ወደ ፊት እንገፋዋለን። ለምን? ጫማውን ከላይ ሲያዩት መሀል ላይ ያምራላ! ወደ ፊት የተገፋ ጉብታ የአውራ ጣቱን ሥር ከታች ያነሳዋል። ያን ጊዜ ጣቱ እንደ ልቡ አይታጠፍም። ጣቱ ካልታጠፈ ሽፋኑ አይሳብም። ሽፋኑ ካልተሳበ ቅስቱ አይነሳም። ቅስት ደጋፊ ብለን የሸጥነው ቅስቱን ሥራ ከለከለው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከ36 እስከ 45 ቁጥር ድረስ ያንኑ አንድ ጉብታ ሲያጣብቁ አየሁ። በርዝመትም በከፍታም ያው ነው። 36 ላይ ከቅስቱ አልፎ ጣቶቹ ሥር ገብቷል። 45 ላይ ተረከዙ ጋ ተወሽቆ ቀርቷል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። «ለየቁጥሩ ሞልድ ማሠራት ያስወጣል» አሉኝ። እሺ፣ ያስወጣል። ታዲያ ሳጥኑ ላይ «ለእግርዎ ጤና የተነደፈ» ብሎ ማተም አያስወጣም? ለማን እግር? የትኛው ቁጥር? ጫማው የሚሠራበትን ፎርማ ርዝመት በየቁጥሩ እየለወጥን ጉብታውን እንዳለ የምንተወው እግር ሲያድግ ቅስቱ አብሮ የማያድግ ይመስል ነው። ይሄ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

አሁን ማጨብጨብ ትችላላችሁ።

በነገራችን ላይ ጠፍጣፋ እግር ባያችሁ ቁጥር ድጋፍ አትሽጡ። ሕፃናት ሲወለዱ ውስጥ እግራቸው ጠፍጣፋ መስሎ ነው የሚታየው፤ ከሥሩ ስብ አለ፤ ቅስቱ ከጊዜ ጋር ይወጣል። የማያመውና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ጠፍጣፋ እግር ያለው አዋቂም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ምንም አይፈልግም። ዝም ብላችሁ ሸኙት።

የሚፈልገንን ግን ልንገራችሁ። እግሩ የደነዘዘው ነው።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ሥጋው በበሽታው ምክንያት በራሱ የሚረግፍ ይመስለው ነበር። እሱ ያስተዋለው ሌላ ነው። ነርቩ ስለተጎዳ ሕመምተኛው አይሰማውም። ስለማይሰማው አያነክስም፣ አረጋገጡን አይቀይርም፣ ቆም ብሎ አያርፍም። ያንኑ ቦታ በየእርምጃው ደጋግሞ ይጫነዋል። ቁስሉን ያመጣው ጫናው ነው። ይሄው ነገር ስኳር በሽታ ነርቫቸውን በጎዳባቸው ሰዎች እግር ላይ ይደርሳል።

ሐኪሞች ይህን የሚለዩበት ቀላል መሣሪያ አላቸው። 10 ግራም ሲጫነው የሚታጠፍ የናይለን ክር ነው። ክሩ ውስጥ እግሩን ሲነካው ያልተሰማው ሰው የእናንተ ሶል መጥፎ መሆኑን አይነግራችሁም። ቲቸር በሦስተኛው ቀን ፌስታል ይዘው መጡብኝ። እሱ አይመጣም። ሲመጣ ቁስል ይዞ ነው፣ ያውም ሐኪም ዘንድ እንጂ እኛ ዘንድ አይደለም። ጥፋታችንን ሳናየው እንቀራለን።

ለእንዲህ ዓይነቱ እግር፣ በተለይ ከዚህ በፊት ቆስሎ ለዳነ፣ የዘርፉ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የሚሉት ግልጽ ነው። ጫማው ከፍተኛውን ጫና ቢያንስ በ30 በመቶ ይቀንስ፣ ወይም ከ200 ኪሎ ፓስካል በታች ያድርገው። በቲቸር ሒሳብ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ገደማ ነው። ደግሞ ተለክቶ ይታይ ይላሉ። ተለክቶ! በጫማ ውስጥ በሚገባ መለኪያ፣ ሰውየው እየተራመደ። ለደነዘዘ እግር በደነዘዘ አውራ ጣት የሚለካ ነዳፊ ካለ ሙያውን ይቀይር። ከባድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። አልመልሰውም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ኢቫ የሚባለው ቀላል ፎም ጥሩ ነው፣ ግን ሲውል ሲያድር ይጠቀጠቃል። በአዲስነቱ ሳይሆን ብዙ ሺህ ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፈትሹት። ከላይ ለስለስ ያለ፣ ከሥሩ ጠንከር ያለ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ስፖንጅ ይሻላል። ታኮ ከፍ ባለ ቁጥር ሸክሙ ወደ ጣቶቹ ሥር ይሄዳል፤ ንጣፉን ስትነድፉ ታኮውን አትርሱ። የጣቶችን ሥር ለማሳረፍ የምታስገቡት ትንሽ ትራስ እዚያ ካሉት አጥንቶች ራስ ኋላ ይሁን እንጂ በቀጥታ ከበታቻቸው አይሁን። ከፊት ቀና ብሎ የሚንከባለል ጠንካራ ሶል የፊተኛውን ጫና ይቀንሳል፤ መንከባለሉ ግን እሱም ከጣቶቹ ሥር ኋላ መጀመር አለበት። ስለ ሶል አበባና ቀለም ሌላ ተናጋሪ አለ፤ እሱን ጠይቁት።

ስትወጡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ሥሩ የቀለም ምንጣፍ ዘርግቼአለሁ። ሐሪስና ቢዝ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወታደሮችን እግር ሲያጠኑ የተጠቀሙበት ዓይነት ነው። ብዙ ጫና ያለበት ቦታ ይጠቁራል። ተመራቂዎች ሁላችሁም ጫማ አውልቃችሁ በአንድ እግር ትቆማላችሁ። ወረቀቱ ባለ ካሬ ነው፣ እርሳስም አለ። ካልሲው የተቀደደ ካለ አይፈር፣ ካልሲውንም ያውልቀው። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩን ለእኔ ስጡኝ፤ ሰርተፊኬቱ እኔ ጋ ነው ያለው።