መጀመሪያ ማማው ሥር እንቁም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የኦፕሬተር መሐንዲሶችና የስትራቴጂ ባለሙያዎች፣ በማማከር ሥራ ላይ ያላችሁና ልትገቡበት የምታስቡ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው። አዲስ የኔትወርክ ቴክኖሎጂ ሲመጣ የቴሌኮም ኩባንያ እንዴት ይወስን፣ አማካሪውስ ምን ይምከረው የሚል ነው። ብዙ ሊባልበት ይችላል። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ምክራችን ከቴክኖሎጂው መነሳት የለበትም። የኔትወርክ ማማው ሥር ካለው መብራት፣ ከማማው ጀርባ ካለው ፋይበር (መረጃ ከሚያመላልሰው ገመድ)፣ በደንበኛው ኪስ ካለው ስልክ ነው መነሳት ያለበት። እነዚህን ያልቆጠረ ስትራቴጂ ስላይዱ ምንም ያህል ቢያምር ገንዘብ ያስበላል። የሚበላው ደግሞ የአማካሪው ገንዘብ አይደለም።

ከሰው አገር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓ መንግሥታት የ3ጂ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ስልኩና ማማው የሚነጋገሩበትን የሬዲዮ ሞገድ፣ ለጨረታ አወጡ። ብሪታንያ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሰበሰበች። ጀርመን ደግሞ ወደ 50 ቢሊዮን ዩሮ። ስሌቱ ሁሉ ደንበኛው ለሞባይል ኢንተርኔት ምን ያህል ይከፍላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነበር። በ3ጂ የሚሠራ ስልክ ግን ገና ገበያ ላይ አልነበረም። የስፔኑ ቴሌፎኒካና የፊንላንዱ ሶኔራ ጀርመን ውስጥ በጋራ ከ8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ለፈቃድ ከፍለው በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራውን ዘጉት። ፈቃዱም በኋላ ተወሰደ። 3ጂ መጥፎ ቴክኖሎጂ ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ተጠቅሞበታል። የሳቱት ጊዜውን ነው።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የሞባይል ገበያ በ2000 የት ይደርሳል ብሎ ማኪንዚ የተባለውን የማማከር ኩባንያ አስጠንቶ ነበር። የተሰጠው ግምት 900 ሺህ ስልክ ገደማ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። 2000 ሲደርስ አሜሪካ ብቻዋን ከ100 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ደንበኛ ነበራት። ኤቲ ኤንድ ቲም ወደ ገበያው ለመግባት በ1994 ማካው ሴሉላር የተባለውን የሞባይል ኩባንያ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ መግዛት ግድ ሆነበት። የዚያ ዘመን ስልክ ከባድ ነበር። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋው አይቀመስም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስልኩ ሲቀልና ሲረክስስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ስለዚህ ስልክ ቁጠሩ ስል የዛሬውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ወዴት እየሄደ እንደሆነም አብራችሁ ቁጠሩ።

ስልክን የኔትወርኩ አካል አድርጎ ያሰበ ኩባንያ ምን እንዳደረገ ለማየት ህንድን ተመልከቱ። ሪላያንስ ጂዮ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር 2ጂም 3ጂም አልነበረውም። ያለው 4ጂ ብቻ ነው። ድምፅ ራሱ የሚሄደው በ4ጂ ላይ፣ ቮልቲ በሚባለው መንገድ ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ በእጁ የያዘው ስልክ በዚህ ኔትወርክ አይደውልም። ኩባንያው ታዲያ ሕዝቡ ስልክ እስኪቀይር ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ2017 ባለ ቁልፍ ሆኖ 4ጂ የሚሠራ ጂዮፎን የተባለ ስልክ አውጥቶ፣ ተመላሽ በሚሆን 1,500 ሩፒ መያዣ ሰጠ። ኔትወርኩን ያቀደው ክፍልና ስልኩን ያቀደው ክፍል አብረው ነበር የሚያስቡት ማለት ነው። ጂዮን እንቅዳ እያልኩ አይደለም። ከጀርባው ለዓመታት ኪሳራ የሚችል ባለሀብት ነበረው፤ ያ ለሁሉም አይገኝም። የጥያቄውን ቅደም ተከተል ግን ከእነሱ መማር እንችላለን።

ደቡብ ኮሪያም ብትሆን ፋይበርም ገንዘብም የሞላት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 5ጂን ከዓለም ቀድማ ለሕዝብ ካቀረቡት አንዷ ነበረች። ሦስቱ ኦፕሬተሮች 28 ጊጋኸርዝ የተባለውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲም ወስደው ነበር። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ግን ሲግናሉ ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳም ያቆመዋል። ኦፕሬተሮቹ የተጣለባቸውን የግንባታ ግዴታ ሳይፈጽሙ ቀሩ፤ መንግሥትም በ2022 መጨረሻና በ2023 ፍሪኩዌንሲውን ከሦስቱም ነጠቀ። እዚያ ያልሆነ ነገር እኛ ጋ በስላይድ ሲመጣ ረጋ ብለን እንየው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም አመራሩ በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጥቶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተፈረመ፤ ፋይናንሱንም ያቀረቡት እነዚሁ ዕቃ አቅራቢዎች ናቸው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5ጂ በሙከራ ተጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አዲስ አበባ ደረሰ።

ከእነዚህ ሁሉ የብዙ ሰው ኑሮ ውስጥ የገባው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ለእኔ ቴሌብር ነው። ቴሌብርን ደግሞ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘች እናት *127# ደውላ ትጠቀምበታለች። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። የምትጠቀመው አሮጌውን 2ጂ ቢሆን እንኳ ይሠራል። አዲስ የሆነው አገልግሎቱ እንጂ ከሥሩ ያለው ኔትወርክ አይደለም። ይህን ልብ ያላለ አማካሪ «2ጂን ዝጉት፣ ፍሪኩዌንሲውን ለ4ጂ አውሉት» ይላል። ምክሩ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሩቅ ስለሚደርስ ለገጠር 4ጂ ወርቅ ነው። ግን ከመዝጋቱ በፊት በያንዳንዱ ማማ ሥር ስንት ሰው ያለ 2ጂ መደወል እንደማይችል መታወቅ አለበት። 4ጂ ስልክ ያለው ሰውም ቢሆን ስልኩ ቮልቲ የማይደግፍ ከሆነ፣ ለመደወል ተመልሶ ወደ 2ጂ ወይም 3ጂ ይወርዳል።

ይህ መረጃ እኮ ኦፕሬተሩ ቤት አለ። እያንዳንዱ ስልክ ኔትወርክ ላይ ሲገባ ለኔትወርኩ የሚያሳውቀው የራሱ መለያ ቁጥር አለ፤ ከዚያ ቁጥር ላይ የስልኩን ሞዴል ማወቅ ይቻላል። ሆኖም አንድ ስሙን የማልጠራው ኦፕሬተር ያስጠናውን የኤክሴል ሞዴል እንድመለከት ተሰጥቶኝ ነበር። ሃያ ምናምን ገጽ አለው፤ ውብ ነው። የገቢው ትንበያ በሙሉ ተጎትቶ ተጎትቶ አንዲት ሴል ላይ ይደርሳል። የስማርት ስልክ ድርሻ ትላለች። ቀመር የለባትም፤ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ነው። ምንጩን ስንጠይቅ ከሌላ አገር ጥናት የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። የኦፕሬተሩ የራሱ ቁጥር ከዚያ ሕንፃ ሳይወጣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ማንም አልጠየቀም።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ስለሆነ።

አንድ ተራራ ላይ ያለ ሳይት አስቡ። ማማው፣ ሥሩ የመሣሪያ ሳጥኑ፣ ጎኑ ላይ ጄኔሬተሩ፣ አጥሩ ጥግ የጥበቃው ጎጆ። ናፍታው መኪና የሚደርስበት ድረስ በፒክአፕ ይመጣል፤ የቀረችውን ዳገት በአህያ ነው የሚወጣው። ጥበቃው ደብተር አለው። መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ ጄኔሬተሩ የተነሳበትን፣ የቆመበትን፣ ናፍታ የመጣበትን ቀን በእጁ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ደብተር አገላብጬ አውቃለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሰነድ ሳይቱን «መብራት ያለው» ብሎ መዝግቦታል። ደብተሩ ላይ ግን ከሳምንቱ ግማሹን የሚሠራው ጄኔሬተሩ ነው። እዚያ ማማ ላይ ብዙ አንቴና በአንድ ላይ የያዘውን የ5ጂ ሬዲዮ ስንሰቅል የኃይል ፍጆታው ከ4ጂው ከፍ ይላል። ባትሪው ያንሳል፣ መብራቱን ለመሣሪያው በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ሬክቲፋየር ይጨናነቃል፣ ናፍታው ይጨምራል። የሬዲዮው ዋጋ ጨረታ ላይ ይታያል፤ ይህ ወጪ ግን በየወሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ወጣት አማካሪዎችን ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት ሳይት ውጡ የምላችሁ። ሦስት አራት ሳይት ማየት ብቻውን ጥናት አይሆንም። ግን የትኛውን ቁጥር መጠርጠር እንዳለባችሁ ያስተምራችኋል።

ፋይበሩን በአጭሩ ልለፈው። ከማማው ጀርባ ያለው መስመር በገመድ ሳይሆን በአየር ሞገድ የሚያገናኝ አሮጌ ማይክሮዌቭ ዲሽ ከሆነ፣ አናቱ ላይ 5ጂ መስቀል ሰፊ በር ከፍቶ ሰውን በጠባብ ኮሪደር ማሳለፍ ነው። ደንበኛው ስልኩ ላይ የ5ጂ ምልክት ያያል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ብዙ ቦታ ላይ ትክክለኛው የ5ጂ ስትራቴጂ ለሁለት ዓመት ፋይበር መቅበር ነው። ይህን የሚል ሪፖርት ለመመረቅ አይመችም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውም። አማካሪ የሚያስፈልገው ግን ይህንኑ ደፍሮ እንዲናገር ነው።

ሌላው ስለ አቅራቢዎች ነው። ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ነፃ ምክር ሲሰጥ መጠንቀቅ ያለብን ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙዎቹ መሐንዲሶቻቸው ጎበዞች ናቸው፣ ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ግን የእነሱ ካርታ የሚያልቀው የእነሱ ዕቃ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አብዛኛው ኦፕሬተር 5ጂን የሚጀምረው 4ጂው ላይ ተደግፎ በሚሠራው መንገድ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ሆኖም በዚህ መንገድ 5ጂውና 4ጂው በጣም ተቀራርበው መነጋገር ስላለባቸው፣ በተግባር በአንድ አካባቢ የ4ጂውን ዕቃ የሰጠው ኩባንያ የ5ጂውንም ይይዘዋል። ማለትም የ5ጂ ጨረታ ሳይወጣ ግማሹ ውሳኔ ተወስኗል። ራሱን ችሎ የሚቆመው 5ጂ የተሻለ ነፃነት ይሰጣል፤ አዲስ ኮር ኔትወርክ፣ ማለትም ማማዎቹን ሁሉ የሚመራ አዲስ ማዕከል፣ ግን ይጠይቃል። የቱ ይሻላል የሚለው እንደየኦፕሬተሩ ነው። የማልቀበለው፣ ቦርዱ ይህን ሳያውቅ እንዲፈርም ማድረግን ነው።

የውጭ ምንዛሪውም አለ። ሬዲዮው በዶላር ይገዛል። የሶፍትዌር ፈቃዱና ጥገናውም በየዓመቱ በዶላር ይከፈላል። ገቢው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ የትርፍና ኪሳራ ስሌት በአንድ ጀምበር ተገልብጧል። ከዚያ ወዲህ አንድ የምንዛሪ ተመን ይዞ የአምስት ዓመት እቅድ የሚያቀርብ አማካሪ ሥራውን አልጨረሰም። ውሉ ሲፈረም የትኛው ክፍያ ወደ ብር ሊዞር እንደሚችል መደራደር ከቴክኖሎጂ ምርጫው እኩል ክብደት አለው።

ኦፕሬተሮችን የምለምነው አለ። አማካሪ ስትቀጥሩ ፒዲኤፍ አትቀበሉ። ሞዴሉን ከነቀመሩ ተረከቡ። ያንን ሞዴል ወደፊት የሚያንቀሳቅሱትን የራሳችሁን ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአማካሪው ጎን አስቀምጧቸው። ግምቱ በየስድስት ወሩ ይለወጣል፤ ስልክ ይረክሳል፣ ናፍታ ይወደዳል፣ ተፎካካሪው ዋጋ ይቀንሳል። በየጊዜው አማካሪ እየጠሩ መጠየቅ አቅምም ጊዜም አይፈቅድም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሴሏን ከፍቶ ቁጥሯን መቀየር መቻል አለበት።

እናንተ አማካሪዎች ደግሞ ሪፖርታችሁ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምሩ። አሁን የማይገዛው ነገር ምንድን ነው? ምን ሲሆንስ ይገዛል? «በዚህ ከተማ 5ጂ የሚችል ስልክ ከደንበኛው ይህን ያህሉ እጅ ሲገባ፣ ፋይበር ይህን ያህል ሳይት ሲደርስ፣ ያኔ ጀምሩ» ብላችሁ በቁጥር ጻፉት። ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ የደረሰው እንዳይደርስ የሚያደርገው ይህ ነው፤ አትግዙ ማለት ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትን ቀን ማን እንደሚጠብቅ መወሰን። በስምም ይጻፍ፤ የትኛው ክፍል፣ በየስንት ወሩ እንደሚያይ።

ቀጣዩ ትልቅ ውሳኔ የ2ጂና የ3ጂ መዝጊያ ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛው ቀድሞ ይዘጋ የሚለው ክርክር ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። እኔ 3ጂ ይቅደም ከሚሉት ወገን ነኝ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሰው 2ጂ ላይ ነው ያለው፤ 3ጂ ላይ ያለውን ደንበኛ ግን ወደ 4ጂ ማሸጋገር ይቀላል። የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ የገጠር ሳይት የምታስተዳድሩ። አሁን የጥያቄ ጊዜ ስለሆነ ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።