ወጪው ሳይታወቅ የሚቆረጥ ዋጋ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ለኔ የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው። ሰዓት ያዧ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አምና አሳልፌ ስለነበር ዘንድሮ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የዘንድሮው ርዕሳችን የንብረትና የተጠያቂነት መድን፣ ማለትም ለንብረት ጉዳትና በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚገዛው መድን፣ የዋጋ አወጣጥ ጥናት ነው። ርዕሱ ሲመረጥ "ይሄ የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ሰው ያስተኛል" ያሉ ነበሩ። ላይተኛም ይችላል፤ እንሞክረው።

እንጀራ የምትሸጥ ሴት የጤፉን ዋጋ ታውቃለች። የመብራቱንም ታውቃለች። ትርፏን ጨምራ ትሸጣለች። እኛ ግን መጀመሪያ እንሸጣለን። ወጪያችን ስንት እንደሆነ የምናውቀው ከዓመት፣ አንዳንዴም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። መኪናው እስኪጋጭ፣ ጋራዡ ፕሮፎርማ እስኪጽፍ፣ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን እንጠብቃለን። ስለዚህ የኛ ዋጋ ሁልጊዜ ግምት ነው። ጥያቄው ግምቱ በምን ላይ ቆመ የሚለው ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር የቆመው በስልክ ላይ ነበር። አለቃዬን "ይሄ ተመን ከየት መጣ?" ብዬ ጠየቅኩ። "እነ እገሌ ስንት እንደሚያስከፍሉ ደውለህ ጠይቅ" አለኝ። ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ሳቀ። ለካ እነሱም ባለፈው ሳምንት እኛ ጋ ደውለው ነበር! ስሙን የማልጠራው ያ ኩባንያና የኛው ኩባንያ ለዓመታት እርስ በርስ ተኮራርጀዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቆይቶ ደግሞ የጭነት መኪና ተመን እንዳጠና ታዘዝኩ። ደስ አለኝ። መዝገቡን አውርጄ የተከፈለውን ካሳ ደመርኩ፣ ለመኪናዎቹ ብዛት አካፈልኩ። ውጤቱ ካሰብነው በጣም አነሰ። ዓረቦኑን፣ ማለትም ደንበኛ ለሽፋኑ የሚከፍለውን ዋጋ፣ ቀነስን፤ ደንበኛ ጎረፈልን። በዓመቱ ኪሳራው መጣ። አለቃዬ አልጮኸብኝም። እጄን ይዞ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወሰደኝ። እዚያ በእንጥልጥል ላይ ያሉ ፋይሎች ተከምረው ነበር። መለዋወጫ የሚጠብቅ መኪና፣ ፍርድ ቤት ያለ የአካል ጉዳት፣ ያልተቋጨ የገደል አደጋ። እኔ የደመርኩት ያለቀውን ብቻ ነበር። ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ የመብራትና የፍሬቻ ስብራት ነው። ከባዱ ጉዳት ይዘገያል። የተከፈለውን ብቻ ቆጥሮ ዋጋ ያወጣ ሰው ትንንሹን አደጋ ብቻ ቆጥሯል ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልጥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። እንበል 1,000 መኪና ሙሉ ሽፋን ሰጥተናል። በዓመት 80 አደጋ ደረሰ፤ ያልተዘጋውም ተገምቶ አንዱ በአማካይ 60,000 ብር ፈጀ። ጠቅላላው 4.8 ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ መኪና 4,800 ብር ይደርሳል። ይሄ ንጹህ ዓረቦን ነው፤ ደመወዝም፣ ኮሚሽንም፣ ትርፍም የለበትም። እነዚህ ከምንሰበስበው ዓረቦን 30 በመቶ ይወስዳሉ እንበል። ዋጋው ስንት ይሁን?

ብዙዎቻችን 4,800 ላይ 30 በመቶ ጨምረን 6,240 ብር እንላለን። ተሳስተናል። ከ6,240 ብር 30 በመቶው ሲነሳ የሚቀረው 4,368 ብር ነው። ለካሳው 432 ብር ጎደለን፣ ያውም በእያንዳንዱ መኪና። ትክክለኛው 4,800ን ለ0.70 ማካፈል ነው፤ 6,857 ብር ይመጣል። ይሄን ስሕተት ትልልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሲሠሩት አይቻለሁ። እኔም ሠርቼዋለሁ።

ስሌቱ ቢስተካከልም ሌላ ጣጣ አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ከሐምሌ 2015 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. የደረሱ አደጋዎችን አጥንተን፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የምንሸጥበትን ዋጋ አወጣን እንበል። የአደጋዎቹ መሐል ታኅሣሥ 2016 መጨረሻ ላይ ይውላል። የምንሸጣቸው ውሎች ግን አንዳንዶቹ የሚያበቁት ሰኔ 2018 ነው። የሁሉም ውሎች አደጋ መሐል ሰኔ 2017 መጨረሻ ይሆናል። ልዩነቱ 18 ወር ነው። በሌላ አነጋገር ዋጋ የምንቆርጠው ካጠናናቸው አደጋዎች ዓመት ተኩል ቆይቶ ለሚገዛ የፊት መብራት ነው።

በዚያ 18 ወር ውስጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ያለፈውን ዓመት አማካይ ይዞ ዋጋ ያወጣ ሰው መብራቱን በአሮጌው ብር ሸጦ በአዲሱ ብር ገዛው። የመድን ሽፋኑን መጠን ያላስተካከለው ደንበኛም ተጎድቷል። ግማሽ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው ጉዳቱ ሲደርስ ካሳው በዚያው ልክ ይቆረጣል። ከዚያ "ኢንሹራንስ ሌባ ነው" ይባላል። ደንበኛውን አስቀድመን ደውለን ብንነግረው ኖሮ ይሄ ስድብ ግማሹ ይቀርልን ነበር።

ስለ እሳት ባጭሩ። የለንደን ታላቁ ቃጠሎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1666 ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ1680ዎቹ መጀመሪያ፣ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሰው የእሳት መድን ቢሮ ከፈተ። ለጡብ ቤት ከዓመታዊው ኪራይ 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት 5 በመቶ አስከፈለ። ቀላል ናት፣ ግን የዋጋ ምድብ ማለት ይቺው ነች። በእድራችን ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ እዚያ መተዋወቁ አለ፣ ይሠራል። ለማያውቁት ሰው ሲሸጥ ግን እኩል ዋጋ ጥንቁቁን ያባርርና ቸልተኛውን ያስቀራል። ባርቦንን ያስቸገረው እኛንም ያስቸግረናል፤ እሳት እዚያም እዚህም ጎረቤት ይይዛል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የሆነውን አይተናል። ግድግዳ የሚጋሩ አርባ ሱቆች አርባ የተለያዩ ፖሊሲዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ለእሳቱ ግን አንድ ሱቅ ናቸው። አማካይ ብቻ ይዞ ለዚያ ዋጋ አይወጣም፤ ጠለፋ መድኑም፣ ማለትም እኛ ኩባንያዎች ራሳችን የምንገዛው መድን፣ በዚያ ዓይን መታየት አለበት።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ጋ ደረስኩ። ከላይ ያልኩት 80 አደጋ ምን ያህል ይታመናል?

የአሜሪካ የንብረትና የተጠያቂነት መድን አክቹዋሪዎች፣ ማለትም የመድን ስሌት ባለሙያዎች፣ ማኅበራቸውን የመሠረቱት እንደ ፈረንጆች በ1914 ነው። ለምን? ለሠራተኞች የሥራ ጉዳት ካሳ የሚከፈልበት አዲስ ሕግ በየግዛቱ እየወጣ ነበር። ዋጋ አውጡ ተባሉ። ግን የቀደመ ልምድ የላቸውም። ትንሽ ፋብሪካ ሦስት ዓመት አደጋ ባይደርስበት ጎበዝ ነው ወይስ ዕድለኛ? ከዚህ ጥያቄ የተዓማኒነት ስሌት የሚባለው ተወለደ። አልበርት ዊትኒ በ1918 ያቀረበው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የራስህን ልምድ በበቂው ልክ እመን፣ የቀረውን ከብዙኃኑ ልምድ ሙላ።

የተለመደው መለኪያ 1,082 አደጋ ነው። የአደጋው ድግግሞሽ ከእውነተኛው በ5 በመቶ ውስጥ እንዲሆን፣ ያም 90 በመቶ እርግጠኝነት እንዲኖረው፣ ይህን ያህል አደጋ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ 80ን ለ1,082 አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ትወስዳላችሁ። 0.27 ይመጣል። 80 አደጋ ያለው ኩባንያ የራሱን ቁጥር የሚያምነው 27 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን 73 በመቶ ከየት ያምጣ? እኛ እስካሁን ከስልክ ነው ያመጣነው።

ኤሌክትሪክ መኪናን አስቡት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱን ሞልቶታል። ከመኪናው ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው፣ እሱም ከሥር ነው ያለው። አስፋልት ያልነካው የሰፈር ድንጋይ የቱን እንደሚመታ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። የሚጠግነው ጋራዥ ገና እየተማረ ነው። አንዱ ኩባንያ 12 አደጋ መዝግቦ ቢሆን እምነቱ 10 በመቶ ገደማ ነው። በቤንዚን መኪና ተመን እየሸጥነው ያለን ሰዎች ሳናይ እየሸጥን ነው።

እንግዲህ አስሉት። 80 አደጋ ያላቸው 14 ኩባንያዎች መዝገባቸውን ቢያዋጡ 1,120 ይሆናል። በአገራችን ደግሞ ከ14 በላይ የመድን ኩባንያ አለ። አንዳችን ብቻችንን የማንደርስበትን በአንድ ዓመት እናልፈዋለን።

ሰዎች ይህን ሲቃወሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። "ሚስጥራችን ነው" ይባላል። የደንበኛ ስም አያስፈልግም። ሰሌዳ ቁጥርም አያስፈልግም። ደግሞ ዋጋ እንስማማ አላልኩም፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ተገቢም አይደለም። አደጋውን አብረን እንቁጠር፣ ዋጋውን እያንዳንዱ ለራሱ ይቁረጥ። ስልክ ደውሎ ዋጋ ከመኮረጅ የቱ ይሻላል? ለሚስጥር የሚሳሳው ሰው የኛን ዋጋ ሲጠይቀኝ አላፈረም።

የሦስተኛ ወገኑን መድን፣ ማለትም መኪናችን በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገዛውን፣ አልነካሁም። ዓረቦኑን የሚተምነው መንግሥት ነው፣ ከሰዓት በኋላም የራሱ ውይይት አለው። ቢሆንም እዚያም "ታሪፉ ይከለስ" ስንል "ማስረጃችሁ የታለ?" መባላችን አይቀርም።

መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ቅጽ አለ። ሰባት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ የመኪናው ዓይነት፣ የሥሪት ዘመኑ፣ አገልግሎቱ፣ ክልሉ፣ አደጋው የደረሰበት ቀን፣ የተከፈለው፣ ገና ያልተከፈለው ግምት። ሰባተኛውን ባዶ እንዳትተዉት፣ የኔ መደርደሪያ እሱ ነው። ለሻይ ስትወጡ ውሰዱ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ዛሬውኑ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

ሰዓት ያዧ እጇን አንስታለች። የመጀመሪያው አቅራቢ ስለ ባትሪ ጥገና ወጪ የሚነግሩን የጋራዥ ባለቤት ናቸው። ወደ መድረኩ ይምጡልን፤ ጉባኤው ተከፍቷል።