የደረቀ ቆዳ፣ የሸሸ ጉልበት፦ በአሮጌ የአየር ጠመንጃ ላይ የፒስተን ማሸጊያ ስለ መቀየር

አዘጋጅ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ውይይታችን በሞላ ስለሚሠሩ አሮጌ የአየር ጠመንጃዎች፣ በተለይም በፒስተኑ ጫፍ ላይ ስለምትገኘው ማሸጊያ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ በእነዚህ ጠመንጃዎች ጥገና ብዙ ዓመት ስላሳለፉ ከመሠረቱ ቢጀምሩልን ደስ ይለኛል። ያለ ባሩድ ጥይቱን የሚገፋው ኃይል ከየት ይመጣል?

ተባባሪ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ብዙ ሰው ሞላው ጥይቱን በቀጥታ የሚመታው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በርሜሉን ወደ ታች አጥፈን ስናቀባብል ከሥሩ ያለው ዘንግ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ፒስተኑም በምላጩ ጥርስ ተይዞ ይቆማል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ደግሞ ከፊቱ ያገኘውን አየር ጨምቆ በሲሊንደሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ የማስተላለፊያ ቀዳዳ በኩል ከጥይቱ ኋላ ያስገባዋል። ጥይቱን የሚገፋው ይህ የተጨመቀ አየር ነው። ታዲያ የአየሩ ግፊት ከከባቢው አየር በብዙ አሥር እጥፍ በሚያይልበት በዚያች ቅጽበት፣ አየሩ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሾልኮ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የምትከለክለው ያቺ ማሸጊያ ናት።

አዘጋጅ፦ መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉት ዓይነት ነገር ማለት ነው?

ተባባሪ፦ ሥራቸው አንድ ነው፤ በአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ጎማ ሳይሆን እንደ ሲኒ የጎደጎደ ቆዳ ነው። የድሮውን የብስክሌት መንፊያ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንፊያው ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ቆዳ ይደርቅና ይኮማተራል፤ እጀታውን ብንገፋው ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፣ ጎማው ግን አይነፋም። ፈትተን ቆዳውን ዘይት ስንቀባውና ጠርዙን በጣታችን ወደ ውጭ ስንከፍተው ወዲያው ነፍስ ይዘራል። በአየር ጠመንጃ ውስጥ የሚደርሰው ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አዘጋጅ፦ ይህንን በአንድ የተወሰነ ጠመንጃ ላይ ቢያሳዩን ለአድማጭ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ተባባሪ፦ እንግዲያው ዲያና 27ን እንውሰድ፤ ለዚህ ጥገና ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ የለም ብዬ ስለማምን ነው። ዲያና በጀርመን አገር በራስታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመሠረተው የማየርና ግራመልስፓኸር ኩባንያ የንግድ ስም ነው። ቁጥር 27 ቀላል፣ ለማቀባበል የማያደክም፣ በብዙ አገር የተሸጠ ጠመንጃ ሲሆን በአሜሪካ ዊንቸስተር 427 እና ሃይ ስኮር 807 የሚሉ ስሞች ተሰጥተውታል። ስለዚህ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ላይ ዊንቸስተር የሚል ጽሕፈት ቢያገኝ እንኳ፣ በውስጡ ያለው ፒስተን የዲያና ሊሆን ስለሚችል ማሸጊያውን ከማዘዙ በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

አዘጋጅ፦ በእንግሊዝ አገር የተሠራም ዲያና አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ተባባሪ፦ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የራስታቱ ፋብሪካ ማሽኖችና የዲያና ስም ወደ ብሪታንያ ተወስደው በስኮትላንድ ሚልብሮ የተባለው ኩባንያ ዲያና የሚል ጽሕፈት ያለባቸውን ጠመንጃዎች ማምረት ጀመረ። ጀርመኖቹ ሥራቸውን እንደገና ሲያቋቁሙ ለእንግሊዝ ገበያ የሚልኩትን ጠመንጃ በገዛ ስማቸው መሸጥ ስላልቻሉ ኦሪጅናል ብለው ሸጡት። ስለዚህ በሁለት ጠመንጃዎች ላይ ዲያና 27 የሚል ጽሕፈት ስላየን ብቻ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል ብለን መገመት አይገባንም። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው አሮጌውን ማሸጊያ አውጥቶ የሲሊንደሩን ውስጣዊ ስፋት በካሊፐር ከለኩ በኋላ ማዘዝን ነው።

አዘጋጅ፦ ሁሉም አሮጌ ጠመንጃ የቆዳ ማሸጊያ ነው ያለው?

ተባባሪ፦ አይደለም። በኦበርንዶርፍ የተሠራው ፋይንቨርክባው 124 ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገበያ ላይ ሲወጣ ማሸጊያው ሰው ሠራሽ ነበር። ጠመንጃው እጅግ ግሩም ነው፤ የመጀመሪያው ማሸጊያው ግን ብዙ ቢተኮስበትም ባይተኮስበትም በዕድሜ ብዛት ይበሰብሳል። አንድ ሰው ከሳጥኑ ያልወጣ 124 አግኝቶ ቢፈታው በፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚያገኘው እንደ ሰም የሚፈረፈር ቡናማ ነገር ሊሆን ይችላል። ቆዳ ግን፣ እሳት ካላቃጠለውና ዘይት ካልተነፈገው፣ ሃምሳ ዓመት አልፎትም ሲሠራ ይገኛል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰዎች አሮጌ ነው በሚል ብቻ ጤነኛ ቆዳ አውጥተው ሲጥሉ የማዝነው።

አዘጋጅ፦ እንግዲያው ሳይፈታ በፊት ችግሩ ከማሸጊያው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ተባባሪ፦ በመጀመሪያ ከበርሜሉ ኋላ፣ በርሜሉ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችውን ትንሿን ማሸጊያ እንመረምራለን። በመጋጠሚያው ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጠን ስንተኩስ ወረቀቱ ከተነሣ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው፤ እሷን መቀየር ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ጠመንጃውን መፍታትም አያስፈልግም። ወረቀቱ ካልተንቀሳቀሰና ጥይቱ አሁንም ከደከመ ወደ ፒስተኑ እንሄዳለን። ቆዳ ከሆነ ግን ከመፍታታችን በፊት አንድ ዕድል እንስጠው፤ ያልተቀባበለውን ጠመንጃ በሰደፉ አቁመን፣ በርሜሉን እንዳይቀባበል በጥቂቱ ብቻ አጥፈን፣ በማስተላለፊያዋ ቀዳዳ ጥቂት የቆዳ ዘይት ጠብ አድርገን እንዲያድር እንተወዋለን። ደርቆ ብቻ ከነበረ ጠግቦ ያብጣል፣ ጉልበቱም ይመለሳል።

አዘጋጅ፦ ጉልበቱ ተመለሰ ስንል ግን የምንለካው በምንድን ነው? በድምፁ ነው ወይስ በእርግጫው?

ተባባሪ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሣሽ አመሰግንሻለሁ፣ እህቴ፤ ከሁሉ በላይ ልናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። ድምፅና እርግጫ የጉልበት መለኪያ አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን ተቃራኒውን ነው። ማሸጊያው ጤነኛ ሲሆን የተጨመቀው አየር በፒስተኑ ፊት እንደ ትራስ ሆኖ በመጨረሻዋ ቅጽበት ግጭቱን ያበርደዋል። አየሩ ሲያመልጥ ግን ትራሱ ስለሚጠፋ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ብረት ለብረት ይጋጫል፤ ጠመንጃው ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቱም ኃይለኛ ነው ብሎ ይደሰታል፣ ጥይቱ ግን ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጥይት ሳይጎርሱ መተኮስ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ፣ ማለትም ክሮኖግራፍ፣ ያስፈልገናል፤ ከጥገናው በፊት አሥር ጥይት፣ ከጥገናው በኋላም በዚያው ዓይነት ጥይት አሥር ተኩሰን እናመዛዝናለን።

አዘጋጅ፦ ቁጥሩን እንዴት ነው የምናነበው?

ተባባሪ፦ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ትልቅ ነው። ግማሽ ግራም የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 120 ሜትር ብትጓዝ 3.6 ጁል ትይዛለች፤ ፍጥነቷ ወደ 150 ሜትር ቢያድግ ጉልበቷ ከ5.6 ጁል በላይ ይሆናል። ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፣ ጉልበቱ ግን ከግማሽ በላይ አድጓል። ደግሞም ቁጥሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እናያለን፤ አንዱ ጥይት 150፣ ቀጣዩ 130 የሚል ከሆነ አማካዩ ቢያምርም ማሸጊያው በትክክል አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል።

አዘጋጅ፦ ወደ መፍታቱ እንግባ። የሚያስፈራ ነገር አለው?

ተባባሪ፦ አለው፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ሞላው ጠመንጃው ሳይቀባበል እንኳ በከፊል ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ የኋላውን መያዣ በእጃችን ብቻ ይዘን ፒኑን ብናወጣ ተወርውሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጠመንጃው ያልጎረሰና ያልተቀባበለ መሆኑን ደጋግመን አረጋግጠን፣ በሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ላይ አስረን፣ መነጽር አድርገን፣ ሞላው እስኪላላ ድረስ በዝግታ እንለቀዋለን። በዲያና 27 ላይ ደግሞ ምላጩ ፒስተኑን የሚይዘው በሦስት ትናንሽ የብረት ኳሶች ስለሆነ፣ ከሥር ነጭ ጨርቅ ሳያነጥፉ መጀመር አይገባም።

አዘጋጅ፦ ፒስተኑ ከወጣ በኋላስ?

ተባባሪ፦ አሮጌው ቆዳ በፒስተኑ ፊት በብሎን ነው የታሰረው፤ ብሎኑን በመጠኑ ልክ በሆነ ካቻቪቴ እንፈታለን፣ ምክንያቱም ጥርሱ ከተበላሸ ሥራው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ከዚያ የሲሊንደሩን ውስጥ አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ እናጸዳለን። ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ነገር ቢኖር በሲሊንደሩ ጎን ያለው የማቀባበያ ዘንግ መሄጃ ነው። የዚህ ክፍተት ጠርዝ ብዙ ጊዜ እንደ ምላጭ የሰላ ነው፤ አዲሱ ማሸጊያ በላዩ ሲያልፍ ይቀደዳል፣ ባለቤቱም የገዛው ዕቃ መጥፎ ነው ብሎ ያማርራል። ጠርዙን በለስላሳ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ የወጣውንም ብናኝ እስከ መጨረሻው መጥረግ ግድ ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ሁለት ማሸጊያ በዚህ መንገድ አጥፍቻለሁ።

አዘጋጅ፦ አዲሱ ማሸጊያ ምን ያህል መጥበቅ አለበት? ይበልጥ በጠበቀ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይታገዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል።

ተባባሪ፦ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እጅግ የጠበቀ ማሸጊያ አየሩን ቢያግድም ፒስተኑን ያዘገየዋል፤ ሞላው የሰጠው ጉልበት በሰበቃ ያልቃል። ሞላውን ሳናስገባ ፒስተኑን ብቻ በሲሊንደሩ ውስጥ በአውራ ጣታችን ስንገፋው ትንሽ ተቃውሞ እያሳየ መሄድ አለበት፤ ማስተላለፊያዋን ቀዳዳ በጣት ዘግተን ስንገፋው ደግሞ እንደ ትራስ ገፍቶ መመለስ አለበት። ሁለቱም ከተሟሉ መጠኑ ልክ ነው። ሰው ሠራሽ ማሸጊያ ከጠበቀ ዙሪያውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት እናሳንሰዋለን፤ ቀጭን ከንፈሩን ግን አንነካም፣ ምክንያቱም አየሩ ሲጨመቅ ወደ ውጭ ተለጥጦ ግድግዳውን የሚይዘው ያ ከንፈር ነው። ቆዳ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን እስኪጠግብ ድረስ አሳድረን እንገጥመዋለን፤ የመሐሉ ብሎን ራስም ከቆዳው ጠርዝ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

አዘጋጅ፦ ስለ ዘይቱ ዓይነት ብዙ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ።

ተባባሪ፦ ክርክሩ የሚነሣው አየር በድንገት ሲጨመቅ እጅግ ስለሚሞቅ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሣው በዚሁ ሕግ ነው። በፒስተኑ ፊት የማዕድን ዘይት ከበዛ ይቀጣጠላል፤ ጠመንጃው እንደ ባሩድ ይጮኻል፣ ጭስ ይወጣል፣ ማሸጊያው ይቃጠላል፣ ሞላውም ሊሰበር ይችላል። በእርግጥ ጥቂት መቃጠል የሥራው አካል ነው፤ በእንግሊዝ አገር አንድን በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ በአየር ፋንታ ናይትሮጅን ውስጥ አድርገው ሲተኩሱ ፍጥነቱ በጉልህ ወርዷል። የሚጎዳው ትርፉ ነው። ለቆዳ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣው ዘይት ተስማሚ ነው። ለሰው ሠራሹ በጠርዙ ላይ በጣም ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይበቃል። ለፒስተኑ ጎንና ለሞላው ግን ብረት ከብረት ስለሚፋተግ ሲሊኮን አይሆንም፤ ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ በስሱ እንቀባለን።

አዘጋጅ፦ ከከፈትነው አይቀር ጠንካራ ሞላ ብንጨምርበትስ?

ተባባሪ፦ አልመክርም። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ አልተለወጠም፤ የሚጨመቀው አየር ያው ነው። ጠንካራ ሞላ በአብዛኛው የሚጨምረው ማቀባበሉን ከባድ፣ እርግጫውን ሸካራ ማድረግ ነው። ሞላው ከተጣመመ ወይም ካጠረ በፋብሪካው ልክ እንተካዋለን፣ ከዚያ በላይ አንሄድም። ሕጉም አለ፤ በጀርመን F የሚለው ፊደል በአምስት ማዕዘን ውስጥ የታተመበት ጠመንጃ ከ7.5 ጁል ማለፍ የለበትም፣ በእንግሊዝ ደግሞ የአየር ጠመንጃ ከ16 ጁል ትንሽ ከፍ ካለው ወሰን ካለፈ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ክሮኖግራፉ ጥገናው መሳካቱን ብቻ ሳይሆን በሕግ ውስጥ መሆናችንንም ይነግረናል።

አዘጋጅ፦ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንተኩስ?

ተባባሪ፦ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ትርፉ ቅባት ስለሚቃጠል ከልክ በላይ ሊፈጥኑ ይችላሉ፤ ያንን ቁጥር ጽፎ መደሰት አይገባም። ሃምሳ ያህል ተኩሰን ጭሱ እስኪጠፋና ማሸጊያው ከሲሊንደሩ ጋር እስኪለማመድ እንጠብቃለን፤ ከዚያ በኋላ የሚገኙትን አሥር ቁጥሮች ቀኑንና የጥይቱን ዓይነት ጨምረን በወረቀት ላይ እንጽፍና ወረቀቱን ከጠመንጃው ጋር እናስቀምጠዋለን። ከዓመታት በኋላ ጠመንጃው ደክሟል ብሎ የሚጠራጠር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን ወረቀት ነው።